የሚመርጥ ቀዳዳ፣ የማይጠብቅ ጥርስ

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ወጣት ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ጥርሱ በልዟል። ቡናማ መስመር ተጋድሞበታል፣ አንዳንዱም ተቦርቡሯል። ብሩሽ አያስለቅቀውም፣ መፋቂያም አያነጣውም። የማያውቀው ሰው "ጫት ነው ወይስ ሲጋራ?" ብሎ ይጠረጥረዋል። ልጁ ግን ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በልጅነቱ የሰፈሩን ውሃ ጠጥቷል።

ያ ውሃ ሲታይ ጥርት ያለ ነው። አይሸትም፣ ጣዕሙም አያስጠረጥርም። ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ስለሆነ ከወንዝና ከኩሬ ውሃ ይሻላል ተብሎ፣ ሪባን ተቆርጦለት የተመረቀ ሊሆንም ይችላል። ችግሩ ያለው በውስጡ በሟሟው ፍሎራይድ ላይ ነው። ጥቂት ፍሎራይድ ጥርስን ይጠቅማል፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚገባውም ለዚህ ነው። ሲበዛ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ።

ጉዳቱ በጥርስ አያበቃም። ብዙ ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ለረጅም ዓመታት የጠጣ ሰው አጥንቱ ይለወጣል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ አንገቱን ማዞርና ወገቡን ማቅናት ይሳነዋል። ይህ በኢትዮጵያ በግልጽ የታወቀው በወንጂ ሸዋ ስኳር እስቴት ነው። ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ሸንኮራ ለመቁረጥ የመጡ ሰዎች ለዓመታት የእስቴቱን የጉድጓድ ውሃ ጠጥተው፣ አንዳንዶቹ አከርካሪያቸው ደርቆ ታይተዋል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን በሽታ ለዓመታት አጥንተው ለዓለም አሳውቀዋል። ስለዚህ "አናውቅም ነበር" የሚል ሰበብ ከተዘጋ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሆነው ነው።

ውሃውን ማፍላትም መፍትሔ አይሆንም። ሲፈላ የሚተነው ውሃው ነው፣ ፍሎራይዱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ጀርም ገዳይ ጠብታም ለዚህ አልተሠራም። ለተቅማጥ የሚጠቅመው ምክር ሁሉ እዚህ ጋ ዋጋ የለውም።

ጥፋቱ ጉድጓዱን የቆፈረው ሰው አይደለም። የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ከሥሩም ሙቀት አለ። ውሃ በዚያ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ አሟሙቶ ይዞ ይሄዳል። ካልሲየም በብዛት ቢኖር ፍሎራይዱን አስሮ ወደ ታች ያሰምጠው ነበር። የአካባቢው ውሃ ግን ብዙውን ጊዜ ካልሲየሙ አነስተኛ፣ ሶዲየሙና ባይካርቦኔቱ ብዙ ነው። ስለዚህ ፍሎራይዱ ሟሙቶ እንዳለ ቦኖው ድረስ ይደርሳል።

ይህ ሁሉ የቆየ ታሪክ ነው። አዲስ የሆነው ሌላ ነው፦ በዓለም ላይ ያሉ ጥቂት ቤተ ሙከራዎች ፍሎራይድን ከሌላው ጨው ለይቶ የሚያውቅ ቀዳዳ መሥራት ጀምረዋል። የዚህ ዓይነት ዜና ወደ አማርኛ ሲተረጎም አብዛኛውን ጊዜ "ሳይንቲስቶች ተአምረኛ ማጣሪያ ሠሩ" ተብሎ ይቀርባል። ነገሩ ተአምርም ማጣሪያም አይደለም። ግን ቁም ነገር ነው፤ በትክክል መረዳት ይገባል።

በመጀመሪያ ችግሩን እንይ ቢባል፣ ወንፊት እዚህ አይሠራም። ወንፊት የሚለየው በመጠን ነው፤ ዱቄቱ ያልፋል፣ ገለባው ይቀራል። ውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው ግን አዮን ወደሚባሉ፣ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ወዳላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች ተበትኗል። ፍሎራይድና ክሎራይድ ሁለቱም አንድ አንድ ኔጋቲቭ ቻርጅ አላቸው፣ በመጠናቸውም ብዙ አይራራቁም። እንዲያውም ራቁቱን ሲለካ ትንሹ ፍሎራይድ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን የውሃ ሞለኪውሎችን አጥብቆ እንደ ጋቢ ስለሚደርብ ከክሎራይድ ጥቂት ይሰፋል። ስለዚህ ተራ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ሽፋን ክሎራይዱን ቀድሞ ያሳልፋል። ፍሎራይድን ብቻ ነጥሎ ማሳለፍ የሚፈልግ ሰው ቀዳዳውን ማጥበብ አይበቃውም፤ የቀዳዳው ግድግዳ አዮኑን "እንዲያውቀው" ማድረግ አለበት።

ግድግዳውን ማሠልጠን የሚቻልበት ዘዴ ለብዙ ዓመታት የተጠና ነው። ጥሬ ዕቃው ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሰዎች "ሃይላንድ" ብለው የሚጠሩት የውሃ ፕላስቲክ የተሠራበት ዓይነት ፕላስቲክ፣ ከወረቀት ቀጥኖ ይዘጋጃል። በጀርመን ዳርምሽታት ከተማ ጂ.ኤስ.አይ. የተባለ የምርምር ማዕከል አለ። በዚያ ያለው ማፍጠኛ መሣሪያ የዜኖንን ወይም የወርቅን አቶም በብርሃን ፍጥነት 15 በመቶ ገደማ እያስወነጨፈ በዚህ ስስ ፕላስቲክ ውስጥ ያሳልፋል። አንድ አቶም ብቻ ማሳለፍም ይቻላል። አቶሙ ሲያልፍ የፕላስቲኩን ሰንሰለት እየበጠሰ መንገድ ይተዋል። ከዚያ ፕላስቲኩ ሳሙና ሠሪዎች በሚያውቁት ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ይነከራል። ሶዳው የተጎዳውን መንገድ ከሌላው ቦታ ፈጥኖ ይበላዋል። አንድ አቶም ባለፈበት አንድ ቀዳዳ ይከፈታል።

ከአንድ ወገን ብቻ ከተነከረ ቀዳዳው የማንቆርቆሪያ አፍ ይመስላል፤ በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው በኩል ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ይሆናል። ናኖ ሜትር ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ናኖ ሜትር ነው።

ሶዳው ሲበላው በቀዳዳው ግድግዳ ላይ አሲድ የሆኑ ጫፎች ይቀራሉ፤ በመጠጥ ውሃ ውስጥ እነዚህ ጫፎች ኔጋቲቭ ይሆናሉ። ኔጋቲቭ ግድግዳ ፖዘቲቭ አዮኖችን ይስባል፣ ኔጋቲቮቹን ይገፋል። ቀዳዳው ሰፊ ቢሆን ይህ ብዙ ለውጥ አያመጣም ነበር፤ የግድግዳው ተጽዕኖ ውሃ ውስጥ የሚዘልቀው ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ነውና። ቀዳዳው ራሱ ጥቂት ናኖ ሜትር ሲሆን ግን ግድግዳው ያልፈቀደው አዮን ማለፍ ይቸግረዋል። ቅርጹ የማንቆርቆሪያ አፍ ከሆነ ደግሞ አዮኖቹ በአንድ አቅጣጫ በቀላሉ፣ በሌላው በችግር ይፈስሳሉ። ተመራማሪዋ ዙዛና ሲቪና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ2002 ይህን ባሕርይ በመጠቀም እንደ አዮን ፓምፕ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ቀዳዳ አሳይተዋል።

ኬሚስቶቹ ከዚህ ወዲያ ያደረጉት የግድግዳውን ጠባይ መቀየር ነው። በአሲዱ ጫፍ ላይ አሚን የተባለ ኬሚካል ሲታሰር ግድግዳው ኔጋቲቭ የነበረው ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ቀዳዳው የሚወደውና የሚጠላው ይገለበጣል። የአሲድ መጠን ሲቀየር የሚዘረጉና የሚሸበሸቡ የፖሊመር ክሮች ሲተከሉበትም እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ቀዳዳ ይሆናል። ያው ፕላስቲክ ነው፣ ያው ቀዳዳ ነው፤ የተቀየረው በግድግዳው ላይ የታሰረው ኬሚካል ብቻ ነው።

ሰው ይህን የተማረው ከሕያው ፍጥረት ነው። በእያንዳንዱ የሰው ሕዋስ ቆዳ ላይ ፖታሲየምን አሳልፎ ሶዲየምን የሚመልስ በር አለ፤ ሮድሪክ ማኪነን የዚህን በር አሠራር በማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ለፍሎራይድም የራሱ በር አለ። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ፍሎራይድ ሲመርዛቸው የሚያስወጡበት ቀዳዳ አላቸው፤ ያ ቀዳዳ ፍሎራይድን ከክሎራይድ ከ10,000 እጥፍ በላይ አብልጦ ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአውስትራሊያ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በፕላስቲክ ቀዳዳ ውስጥ ዚርኮኒየም ያለበት ክሪስታል አሳድገው፣ ፍሎራይድን ከክሎራይድ እስከ 240 እጥፍ ገደማ አብልጦ የሚያሳልፍ ሰው ሠራሽ መተላለፊያ ማግኘታቸውን አሳትመዋል።

ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ከዚያ ቀዳዳ እስከ ዝዋይ ቦኖ ድረስ ያለውን ርቀት መደበቅ አይገባም።

አንደኛ፣ ይህ ቀዳዳ ፍሎራይድን አያስቀርም፤ ያሳልፋል። ስለዚህ ብቻውን ማጣሪያ አይሆንም። በአንድ ወገን የሚጠጣው ውሃ፣ በሌላው ወገን ፍሎራይዱ የሚጠራቀምበት ውሃ ያስፈልጋል፤ ፍሎራይዱን ወደዚያ የሚጎትት ኤሌክትሪክም ያስፈልጋል። የተጠራቀመው ፍሎራይድ የት እንደሚደፋም ጥያቄ ነው። ሁለተኛ፣ በአንድ ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፈው አዮን ለአንድ ጀሪካን የሚሆን አይደለም፤ ብዙ ቀዳዳ ያለው፣ ሰፊና የማይቀደድ ሽፋን በርካሽ መሥራት ሌላ ሙያ ነው።

ሦስተኛውና ለስምጥ ሸለቆ ዋነኛው፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለው ውሃ የስምጥ ሸለቆ ውሃ አለመሆኑ ነው። መሰል ሙከራዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚደረጉት ንጹህ ውሃ ውስጥ አንድ የታወቀ ጨው አሟሙቶ ነው። የመቂ ወይም የዝዋይ ጉድጓድ ግን ባይካርቦኔት አለበት፣ ሲሊካ አለበት፣ ብዙ ጊዜም አልካላይን ነው። አልካላይን ውሃ ውስጥ ሃይድሮክሳይድ የተባለ አዮን ይበዛል፤ እሱ ደግሞ በመጠንም በቻርጅም ከፍሎራይድ ጋር መንታ ነው ማለት ይቻላል። በቤተ ሙከራ 240 እጥፍ የመረጠ ቀዳዳ በዚያ ውሃ ውስጥ ስንት እጥፍ እንደሚመርጥ የሚናገረው ያው ውሃ ብቻ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሰማል። አንዱ ወገን "ቴክኖሎጂው እየመጣ ነው፣ ትንሽ እንታገስ" ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። የልጅ ቋሚ ጥርስ የሚገነባው ከተወለደ እስከ ስምንት ዓመቱ ገደማ ድረስ ነው፤ ያን ጊዜ የገባበት ብልዘት በኋላ በንጹህ ውሃ አይታጠብም። ዛሬ የተወለደች ሕፃን ቀዳዳው ተሻሽሎ፣ ሽፋኑ ሰፍቶ፣ ዋጋው ወርዶ እስኪመጣ ጥርሷን አታቆይለትም። ቆይ ማለት በእርሷ ላይ መፍረድ ነው።

ሌላው ወገን በተቃራኒው "ውሃ ያላገኘ ሕዝብ እያለ ስለ ናኖ ሜትር ማውራት ቅንጦት ነው" ይላል። ይህም ልክ አይደለም። አዮንን መርጦ የሚያሳልፍ ሽፋን ላይ ዛሬ የሚሯሯጠው ዓለም ዋና ዓላማው የመንደር ውሃ አይደለም፤ ለባትሪ የሚሆነውን ሊቲየም ከጨዋማ ውሃ መለየት ነው። ገበያው ያለው እዚያ ነው። የፍሎራይድ ውሃ የሚጠጣው በአመዛኙ የኢትዮጵያ፣ የኬንያ፣ የታንዛኒያና የሕንድ ገጠር ነው። ባለቤቱ ያልተናገረለትን ችግር ሌላ ሰው በራሱ ገንዘብ ይፈታልኛል ብሎ መጠበቅ ከምኞት አያልፍም። ከላይ የተነሳውን ጥያቄ፣ ቀዳዳው በእውነተኛው ውሃ ውስጥ ይመርጣል ወይ የሚለውን፣ ከማንም በፊት መመለስ የሚገባቸው ውሃው ደጃቸው ያለ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ለዚህ ማፍጠኛ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ የተቀዳዳው ፕላስቲክ ከሌላ አገር ሊመጣ ይችላል፣ ግድግዳውን መቀየርና የራስን ውሃ መፈተሽ ግን ኬሚስትና ትዕግሥት ያለው ቤተ ሙከራ የሚሠራው ሥራ ነው።

ከሁለቱም ስሕተት በላይ ግን አንድ የተዘነጋ ነገር አለ። እስካሁን የተሞከሩት ማጣሪያዎች ያስተማሩት ምንድን ነው? አሉምና ኖራ እየጨመሩ ፍሎራይድን የሚያሰምጠው ዘዴ ከሕንድ ናልጎንዳ የመጣ ነው፤ ኬሚስትሪው ይሠራል። ግን በየቀኑ የሚመዝን፣ የሚያማስልና ዝቃጩን የሚደፋ ሰው ይፈልጋል። አክቲቬትድ አሉሚና በወንጂ ተሞክሯል፤ ኬሚስትሪው ይሠራል። ግን ሲጠግብ መታጠብ ወይም መቀየር አለበት። በኬንያ ናኩሩና በታንዛኒያ ንጉርዶቶ የተሠራበት የአጥንት ከሰልም ይሠራል፤ እሱም ሲጠግብ ይቀየራል፣ "የምን እንስሳ አጥንት ነው?" የሚለው የሃይማኖት ጥያቄም ክብር ያለው መልስ ይፈልጋል።

ሁሉም ዘዴዎች በአንድ ቦታ ላይ ይሰናከላሉ። የጠገበ ማጣሪያ መጥገቡን አይናገርም። ውሃው እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ይወርዳል፣ ጣዕሙም አይለወጥም። ኮሚቴው ማጣሪያ አለን ይላል፣ እናት ልጇን አምና ታጠጣለች፣ ፍሎራይዱ ግን ማለፍ ከጀመረ ወራት ሆኖታል። የሚለካ ሰው ከሌለ ምርጡ ማጣሪያና የተበላሸው ማጣሪያ አንድ ናቸው። ነገ ከቤተ ሙከራ የሚመጣው ብልህ ቀዳዳም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። ግድግዳው በዝቃጭ ሲሸፈን መምረጡን ያቆማል፤ ማቆሙንም አይናገርም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። ፍሎራይድን ብቻ መርጦ የሚያሳልፍ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው አሁን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ማርቲን ፍራንትና ጄምስ ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል የተሠራ መለኪያ አስተዋወቁ። ፍሎራይድ በዚያ ክሪስታል ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ ክሎራይድም ሆነ ባይካርቦኔት አይችሉም፤ ከዚህ በሚመነጨው ጥቂት የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ውሃው ውስጥ ስንት ፍሎራይድ እንዳለ ይታወቃል። የሚያሳስተው ያው መንታ፣ ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ለእርሱም በናሙናው ላይ የሚጨመር ማስተካከያ ፈሳሽ ተገኝቶለታል። መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ በአንድ ባለሙያ ይሠራል፣ በዓለም ዙሪያ ለዐሥርት ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል።

እንግዲህ ኢትዮጵያ ዛሬ በጣም የሚያስፈልጋት የሚመርጥ ቀዳዳ ይህ ነው፤ የሚያጣራው ሳይሆን የሚለካው። በስምጥ ሸለቆ ያለ እያንዳንዱ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር ብቻ ሳይሆን በየጊዜው ይለካ። ቁጥሩ በመሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ አይታሰር፤ ቦኖው ላይ በቀለም ይጻፍ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሲዳምኛም የአካባቢው ሰው በሚያነበው ቋንቋ ይሁን። እናት ቁጥሩን ካወቀች ቢያንስ ለሕፃኗ የዝናብ ውሃ ወይም የሌላውን ጉድጓድ ውሃ መምረጥ ትችላለች። ፍሎራይዱ ዝቅ ያለ ጉድጓድ በቅርብ ካለ ሁለቱን ማደባለቅ ይቻላል። ከተማው አቅም ካለው ምንጩን መቀየር ይሻላል፤ አዳማ ከጉድጓድ ውሃ ወጥታ የተጣራ የአዋሽ ውሃ መጠጣቷ ይህ እንደሚቻል ያሳያል። ማጣሪያ በሚተከልበት ቦታም በጀቱ ለምረቃው ቀን ብቻ ሳይሆን ለሚቀየረው ዕቃና ለሚለካው ሰው ደመወዝ ይያዝ።

"ቁጥር መጻፍ ሕዝብ ያስደነግጣል፣ አማራጭ ሳይሰጡ ማሳወቅ ምን ይጠቅማል?" የሚል ባለሥልጣን ይኖራል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ሰው ደንግጦ ወደ ኩሬ ውሃ ቢመለስ ተቅማጥና ታይፎይድ ይጠብቁታል። ለዚህ ግን መልሱ መደበቅ ሳይሆን ቁጥሩን ከምክር ጋር መስጠት ነው፦ ይህ ውሃ ለልብስና ለገላ ይሁን፣ ለስምንት ዓመት በታች ልጅ ደግሞ ያኛው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከዚህ የከበደ ትምህርት በየቤቱ አስተምረዋል። የተደበቀ ቁጥር አማራጭ አያመጣም፤ የታወቀ ቁጥር ግን ቢያንስ ጥያቄ ያመጣል፣ ጥያቄ ሲበዛም በጀት ይመጣል።

የመለኪያው ሥራ ለምርምሩም መንገድ ይጠርጋል። የት ጉድጓድ ውስጥ ስንት ፍሎራይድ፣ ስንት ባይካርቦኔት፣ ምን ያህል አልካላይን እንዳለ የተመዘገበ አገር፣ ከዳርምሽታትም ከሞናሽም ጋር ሲነጋገር ባዶ እጁን አይቀርብም። "የእናንተ ቀዳዳ በዚህ ውሃ ውስጥ ይሞከር" ብሎ እውነተኛ ናሙና ያቀርባል። ወጣት ኬሚስቶቹም የሌላውን ሥራ ከማድነቅ አልፈው፣ ማንም ያልመለሰውን ጥያቄ ይዘው ይገባሉ። ቀዳዳው አንድ ቀን ከቤተ ሙከራ ሲወጣም የሚያውቀው፣ የሚለካውና የሚንከባከበው ሰው መንደር ውስጥ ይጠብቀዋል። ያ ሰው ከሌለ ግን አዲሱ ማጣሪያም ከአሮጌዎቹ አጠገብ ተደርድሮ ዝገት ይጠጣል።

አዮንን የሚመርጥ ቀዳዳ መሥራት ከባድ ሳይንስ ነው፣ ዓመታትም ይፈልጋል። የጉድጓድን ውሃ ለክቶ ውጤቱን በቦኖው ላይ መጻፍ ግን የውሳኔ ጉዳይ ነው። ዘንድሮ ሊጀመር ይችላል፤ ዘንድሮ የተወለዱትም የሚደርስላቸው ዘንድሮ ከተጀመረ ነው።